ክላራ ምን አለች?

ውድ ሱሀይር፣

እንዴት ነሽ፣ አባትሽስ ደህና ናቸው፣ የድሬዳዋ ሙቀት ተስማማሽ ወይ፣ እኔም ደህና ነኝ ልልሽ ነበር ግን ደህና አይደለሁም፣ ስለዚህ አልልሽም። ወደ እናንተ የሚመላለሰው ሐምዱ ነገ ጠዋት በባቡር ይመጣል። ይሄን ደብዳቤ ይሰጥሻል፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቅሻል። የሚጠይቅሽ ከራሱ አይደለም፣ ሽማግሌዎች ልከውት ነው። በናትሽ፣ በምትወጂው ሁሉ ይዤሻለሁ፣ ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትመልሺለት።

የምጽፍልሽ በርበሬ በረንዳ መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። እጄን ሁለቴ በሳሙና ታጥቤያለሁ፣ ግን የዛላን ነገር ታውቂያለሽ አይለቅም፣ ወረቀቱን በነካሽበት እጅ ዓይንሽን እንዳትነኪ። ፊደሌም ካስቸገረሽ ይቅር በይኝ፣ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም።

ሐምዱ የሚጠይቅሽ ይሄን ነው። «ሠርኬን እንግሊዝኛ አስተምረሻታል ወይስ አላስተማርሻትም?»

ሳቅሽ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። አትሳቂ ሱሀይር። የጓደኛችን የጤናዬ ሠርግ በዚህች ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እኔም ከነእንጀራዬ ተንጠልጥያለሁ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አምና ሐሙስ ሐሙስ ማታ በአንድ ሰዓት አባትሽ ሱቅ የምንሰበሰበውን አትረሺውም። ከጣቃው ጨርቅ ኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር፣ አንቺ በርጩማዋ ላይ እኛ መሬት ላይ። ቀኑን ሙሉ በርበሬ ስንቀነጥስ ውለን በቀጥታ ነበር የምንመጣው፣ እኔ፣ ጤናዬ፣ ጠሂራ፣ ሌሎቹም ቀንጣሾች። ክላራ ፊልሙ ውስጥ በእንግሊዝኛዋ ታወራለች፣ አንቺ ወደ አማርኛ ትመልሺልናለሽ፣ እኛ እናለቅሳለን። እንባችንን በጣታችን መጥረግ ስለማንችል ሁላችንም በትከሻችን ስንጠርግ አንቺ «ዶሮዎች ትመስላላችሁ» ትይን ነበር። የምትወደውን ሰውዬ ስም ኤድዋርድ ማለት አቅቶን ጠሂራ «እድሉ» ብላ ያወጣችለት ቀን እኮ ከሳቅሽ ብዛት ግማሹን ሳትነግሪን አለፈ።

የአምናዋ ክላራ እንዴት ያለች ልጅ ነበረች። እናት አባት የሌላት፣ በአክስቷ ትልቅ ቤት የምትኖር፣ እድሉን የምትወድ። እድሉ መርከብ ላይ ተሳፍሮ ይሄዳል፣ ጠብቂኝ ይላታል፣ እሺ። አክስቷ የላከልሽን ደብዳቤ አምጪ ትላታለች፣ እሺ። ለሐኪሙ እድርሻለሁ ትላታለች፣ እሺ። እኛ እናለቅስላታለን እንጂ ምነው እምቢ ብትል ያለ ሰው አልነበረም። እኛስ መቼ እምቢ ብለን እናውቃለን።

ከዚያ ክረምት ገባ፣ ፊልሙም ተቋረጠ፣ አንቺም ሄድሽ። አባትሽ ሱቁን ሲዘጉ ቴሌቪዥኑን የወሰዱት እትዬ አልጋነሽ ናቸው፣ ሻይ ቤታቸው ውስጥ ከፍ አድርገው አስቀመጡት፣ በነጭ ዳንቴል ሸፈኑት፣ ጠሂራ «ሊድሩት ነው እንዴ?» አለቻቸው። ጥቅምት ላይ ፊልሙ ሁለተኛው ክፍል ጀመረ ሲባል ሮጥን። ዳንቴሉ ተነሳ፣ ሙዚቃው መጣ፣ ክላራ ወጣች።

ፀጉሯ የለም!

ያ ወገቧን የሚመታው ፀጉር፣ ጆሮዋ ሥር ተቆርጧል። ጠሂራ «ውይ! ማን ሞተባት?» ብላ ደረቷን መታች። ማን ይሆናል፣ እድሉ ነዋ፣ መርከቡ ሰምጦ ነው አልን። አንቺ ሙች፣ ለቅሶ ተቀመጥን፣ እትዬ አልጋነሽ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እያለቀስን ሳለ እድሉ ኮቱን ለብሶ ሲጋራውን ይዞ በበሩ ገባ። ጤናዬ ብቻ ናት የሳቀችው፣ «እናንተ፣ የቀበራችሁት ሰውዬ መጥቷል» አለችን።

ታዲያ ያልሞተባት ሴት ፀጉሯን ለምን ትቆርጣለች? ጭቅጭቅ ሆነ። እትዬ አልጋነሽ «ይቺ ክላራ አይደለችም፣ ቀይረውብናል፣ አፍንጫዋን እዩት» አሉ። «ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚቀላቅል ዓለም ሴት መቀየር ያቅተዋል?» ብለው ጨመሩ። አንዷ ደግሞ ጠበል ገብታለች አለች፣ ሌላዋ ኧረ ዛር ነው አለች። ክላራ ግን ታወራለች፣ ታወራለች፣ የሚመልስልን የለም። ሁሉም «ምን አለች? ምን አለች?» ይላል። የአንቺ በርጩማ ባዶዋን ተቀምጣለች። በመጨረሻ እትዬ አልጋነሽ ተናደዱና «የማይገባኝን ነገር ቤቴ አላስጮህም» ብለው ሊያጠፉት ተነሱ።

እኔ «ቆይ እትዬ፣ እኔ እሰማለሁ» አልኩ።

«አንቺ? የት ተማርሽ?»

«ሱሀይር አስተምራኛለች።»

ይኸውልሽ ውሸቴ። በሌላ ሰው ሳይሆን በአንቺ ስም ነው የዋሸሁት፣ ይቅር በይኝ። እንዲያው ክላራ ከምትጠፋብኝ ብዬ ነው። ከሐሙስ በቀር ሳምንቱ ውስጥ ምን አለኝ? ከእንግሊዝኛ የማውቀው የስ እና ኖ እና ካም ነው፣ ጉድ ሞርኒንግም አለ፣ ክላራ ግን ጉድ ሞርኒንግ ብላ አትውልም።

መጀመሪያ በአጭር በአጭሩ ነበር። ሻይ ከያዘች «ሻይ ጠጣ አለችው» እላለሁ። ከተቆጣች «ተወኝ አለችው»። ግን ሰዎቹ አይለቁኝም። «ለምን ተለወጠች?» ይሉኛል። «አምና እንዲህ አልነበረችም፣ ምን አገኛት?» ይሉኛል። እኔም ማየት ጀመርኩ። ቋንቋው ሲጠፋብሽ ዓይንሽ እንዴት እንደሚበረታ አታውቂም ሱሀይር፣ አንቺ ቋንቋውን ስለምታውቂ ብዙ ነገር አላየሽም እላለሁ አንዳንዴ፣ አትቀየሚኝ። አምና ሰው ሲናገራት ወለል ወለሉን ነበር የምታየው። ዘንድሮ የሚናገራትን ሰው ታየዋለች። አምና ደረጃ ስትወርድ ልብሷን ይዛ ተጣድፋ ነው፣ የሆነ ሰው ጠርቷት። ዘንድሮ ማንም ሳይጠራት ትወርዳለች፣ መሀል ላይ ትቆማለች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ታያለች። እኛ እዚያ ቤት ሥዕል እንዳለ እንኳ አላየንም ነበር።

ኅዳር ላይ ያቺ ክፉ አክስቷ እንደ አምናው ታመመች። እኛ እሰይ አልን። ክላራ ግን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ ሾርባ በማንኪያ ታበላታለች። ጠሂራ ተናደደች፣ «አንቺ ሠርኬ፣ ጠንክራለች አላልሽንም? ይሄ ነው ጥንካሬ? ያንን ሁሉ ላደረገቻት?» ብላ ጮኸችብኝ። እኔ እንጃ ከየት እንደመጣልኝ፣ «አምና ፈርታ ነበር የምታበላት፣ ዘንድሮ ፈልጋ ነው» አልኩ። ጤናዬ «ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?» አለችኝ። «እጇን እዩት» አልኩ። አየነው። አምና ማንኪያው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ዘንድሮ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። እትዬ አልጋነሽ እንኳ ቀስ ብለው «እሷው ናት» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አልፈራሁም፣ ክላራ አፏን ስትከፍት እኔም እከፍታለሁ። ሴትየዋ ትወጣለች፣ ትገባለች፣ ቃሉን እኔ እሰጣታለሁ። ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ የምሰጣት ቃል ከየት እንደሚመጣ ቤቴ ስገባ ነው የሚገባኝ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ አጎቴ ከደብረ ብርሃን በጭነት መኪና ጭኖ ሰው ቤት ሲያስቀምጠኝ «ትወጃለሽ?» ያለኝ አልነበረም፣ እኔም እሺ ነው ያልኩት። ያኔ ያላልኩትን ነው ለክላራ የሰጠኋት። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

አሁን ወደ ጤናዬ። ጤናዬ ወንድሟ ካሳ እንዳሳደጋት ታውቂያለሽ፣ ካሳ እህል በረንዳ የሸካሚዎቹ አለቃ፣ ያ ትከሻው እንደ በር የሆነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ለሷ ሲል ሳያገባ የቀረ ሰው ነው። በገና ሰሞን ለይመር ሰጣት። ይመር ጤፍ ነጋዴው፣ ሚስቱ የሞተችበት። እሱም ክፉ አይደለም፣ በበረንዳችን ሲያልፍ «በረታችሁ ወይ» ሳይል አያልፍም። ጤናዬን ግን ማንም አልጠየቃትም። ካሳ ማታ እራት ላይ «ሠርግሽ ጥር መጨረሻ ነው» አላት፣ እሷም እሺ አለች፣ በማግስቱ መጥታ እንደ ሌላ ሰው ወሬ አድርጋ ነገረችን፣ እየቀነጠሰች። ጠሂራ እልል አለች። እኔ አላልኩም፣ ዝቅ ብዬ ዛላዬን ቀነጠስኩ።

ያለፈው ሐሙስ እድሉ ለክላራ ተንበረከከላት። ቀለበት ይዞ፣ አበባ ይዞ። አክስቷ ከሕመሟ ተነስታ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሐኪሙም አለ፣ ሁሉም ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። እኛም ቤቱን በእልልታ አቀለጥነው፣ ስንት ወር የጠበቅነው ነገር ነው! ክላራ ግን ቀለበቱን አላየችም፣ እሱን ነው ያየችው። ከዚያ ተናገረች። እድሉ ተነሳ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ፊቱ ተለወጠ። እልልታው ቆመ። ሁሉም ወደኔ ዞረ፣ «ምን አለች? ሠርኬ! ምን አለች?»

እንዲህ አለች አልኩ፦ «ስትሄድ አልጠየቅከኝም። ስትመጣም አልጠየቅከኝም። እነሱም አልጠየቁኝም። እስከ ዛሬ እሺ ያለው አፍ የኔ አይደለም፣ የናንተ ነው። ከዛሬ ወዲያ አፌን መልሱልኝ።»

እትዬ አልጋነሽ በስመአብ አሉ። ጤናዬ ተነሳች። ነጠላዋን ለብሳ ፊልሙ ሳያልቅ ወጣች።

ዓርብ ዕለት ሽማግሌዎቹ ካሳ ቤት ለሠርጉ ነገር ተቀምጠው ነበር፣ ይመርም አለ። ጤናዬ ጠላ ልትቀዳ ገባች ተባለ፣ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች፣ «ጋሼ ካሳ፣ እስከ ዛሬ እሺ ያለው አፍ ያንተ ነው፣ አፌን መልስልኝ» አለች። ጋሽ አለሙ፣ ትልቁ ሽማግሌ፣ መጀመሪያ ጥርሷን የታመመች መስሏቸው «ልጄ፣ ቅርንፉድ ያዢበት» አሏት አሉ። ኋላ ነገሩ ሲገባቸው ካሳ ተነሳ። «ማነው ይሄን ያስተማረሽ?»

«ክላራ ናት ያለችው» አለች ጤናዬ።

ቅዳሜን እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ካሳ መርካቶን ሙሉ ክላራን ሲፈልግ ዋለ። «ክላራ የምትባል ሴት የት ነው የምትኖረው?» ይላል። አንዱ ፈረንጅ ናት ይለዋል፣ እሱ ሄዶ የግሪኩን ባለሱቅ ሚስት «አንቺ ነሽ እህቴን ያበላሸሻት?» አላት፣ ሴትየዋ ደንግጣ ፓስታ ሸጠችለት። ፓስታውን በብብቱ ይዞ እትዬ አልጋነሽ ሻይ ቤት መጣ። «ክላራ የምትባለዋን አውጡልኝ!» እትዬ አልጋነሽ ብርጭቆ እያጠቡ ቀና ሳይሉ «ሐሙስ በአንድ ሰዓት ና፣ ያኔ ነው የምትመጣው» አሉት።

አሁን ስጽፈው እስቃለሁ፣ ያኔ ግን አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ከዚያ ወደኔ ነው የመጣው። ዛላው ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ ጥላው መጣብኝ።

«ሠርኬ።»

«አቤት ጋሼ።»

«የክላራ አስተርጓሚ አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ ጋሼ፣ እኔ ግን ያለችውን ብቻ ነው…»

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ክላራን ፈልጌ አጣኋት፣ ሣጥን ውስጥ ነው ያለችው። አንቺ ግን እዚህ ነሽ።» ይሄን ብቻ ብሎ ሄደ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። ካሳ «አስተማሪ መጥቶ ይፈትናት» አለ፣ ጋሽ አለሙ ግን «የሰው ልጅ እንደ በቅሎ ጥርሱ አይታይም፣ አስተማረችኝ ያለቻት ልጅ ድሬዳዋ አለች፣ ሐምዱ ይጠይቃት» አሉ። ከዚያ ፍርዳቸውን እንዲህ አስቀመጡት፣ ቃል በቃል ነው የምጽፍልሽ። «ነገሩን የተናገረችው የተማረች ፈረንጅ ከሆነች እንግዲህ ነገር ነው፣ ተቀምጠን እናየዋለን፣ ልጅቷም ትጠየቃለች። ሠርኬ ከሆዷ አውጥታው ከሆነ ግን የበርበሬ ቀንጣሽ ወሬ ነው። ሠርጉ በቀኑ ይውላል፣ ሠርኬም ከበረንዳው ትነሳለች።» እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ራጉኤል ደጅ ቆሜ እምላለሁ፣ የሐምዱም መልስ እዚያው ይነገራል።

ገባሽ አይደል ሱሀይር? እውነቱን ካወጣሁ ጤናዬን ዳርኳት ማለት ነው፣ እኔም ከበረንዳ ተነስቼ የት እሄዳለሁ፣ ማን አለኝ። ከማልኩ ደግሞ ራጉኤል ደጅ በሐሰት ማልኩ። ሁለት ቀን ምግብ አልበላሁም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄን ደብዳቤ የጀመርኩት «አስተምሬያታለሁ በይልኝ» ብዬ ልለምንሽ ነበር። አንድ ቃል ናት፣ አንቺ ሩቅ ነሽ ማንም አይነካሽም፣ ብዬ። አሁን እየጻፍኩ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ፣ ልጠይቅሽ።

አምና የመጨረሻው ሐሙስ ትዝ ይልሻል? ክላራ መስኮት ሥር ቆማ፣ አክስቷ ሐኪሙን አግቢ ያለቻት ዕለት። ያን ዕለት ክላራ ብዙ ተናገረች። እያለቀሰች፣ እጇን እያወናጨፈች፣ አንድ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ተናገረች። እኛ «ምን አለች?» ስንልሽ ፊትሽን ወደ ጣቃው አዞርሽና «እሺ አለች» አልሽን። ጠሂራ «ያን ሁሉ አውርታ እሺ ብቻ?» ስትልሽ «በእንግሊዝኛ እሺ ረጅም ነው» አልሻት። ሳቅን። አንቺ ግን አልሳቅሽም።

ያን ሰሞን ነበር አባትሽ ድሬዳዋ ላለው ለአጎትሽ ልጅ የሰጡሽ። እኛ በኋላ ነው የሰማነው።

ሱሀይር፣ ያን ዕለት ክላራ ናት እሺ ያለችው ወይስ አንቺ? ልፈርድብሽ አይደለም፣ እኔ ማን ነኝ፣ ከኔ በላይ የዋሸ የለም። ግን ሁለት ቀን ሙሉ የማስበው ይሄን ነው። ሰዉ ሁሉ ክላራ በአንድ ክረምት ለምን ተለወጠች ይላል። ምናልባት ፀጉሯን ከመቁረጧ በቀር ምንም አልተለወጠች ይሆናል። ምናልባት አምናም እምቢ ስትል ነበር፣ የነገረን የለም እንጂ። ወይም ዘንድሮም እሺ እያለች ይሆናል፣ ለእድሉም እሺ ብላው እሱ በሌላ ነገር ይሆናል ፊቱ የጠቆረው፣ እኔ በምን አውቃለሁ። አምና ያንቺ ልጅ ነበረች፣ ዘንድሮ የኔ ልጅ ሆነች። ለካ አንቺም በርጩማዋ ላይ ብቻሽን ነበርሽ። አጠገብሽ ተቀምጬ አላወቅኩም።

እዚህ ስደርስ ጤናዬ ገባች። ብዕሩን አስቀምጬ ነበር፣ አሁን ከሄደች በኋላ ነው የምቀጥልልሽ፣ ሁሉንም ሳልረሳ ልጻፈው።

ፊቷ አብጧል፣ ካሳ መትቷት አይደለም፣ ከልቅሶ ነው። አጠገቤ ጆንያው ላይ ተቀመጠች፣ እንደ ልማዷ እጇ ዛላ ያዘ፣ መቀንጠስ ጀመረች። «ለማነው?» አለችኝ።

«ለሱሀይር።»

«አስተምሬያታለሁ እንድትልልሽ?»

አልቻልኩም ሱሀይር። ሁሉም ነገር በአንዴ ወጣ። «ጤናዬ፣ እኔ እንግሊዝኛ አልችልም፣ አንድም ቃል አልችልም፣ ክላራ ምን እንዳለች አላውቅም፣ እኔ ነኝ ያልኩት፣ ሠርግሽን ያፈረስኩት እኔ ነኝ» አልኳት፣ አለቀስኩ፣ በትከሻዬም አልጠረግኩትም።

እሷ መቀንጠሷን አላቆመችም። «አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ክላራ አፏን ከዘጋች በኋላ አንቺ ገና ትናገሪ ነበር። እሷ አምስት ቃል ተናግራ ዞራ መስኮት ታያለች፣ አንቺ ገና አልጠየቅከኝም ላይ ነሽ። ሌሎቹ ቴሌቪዥኑን ያያሉ። እኔ አንቺን ነበር የማየው።»

«ታዲያ ለምን ክላራ ናት ያለችው አልሽ?»

«ሠርኬ አለች ብል ማን ይሰማኛል?»

እኔም ዛላ አንስቼ አብሬያት ቀነጠስኩ። ይመርን ትጠዪዋለሽ ወይ አልኳት። «አልጠላውም። አላውቀውም» አለችኝ። «ዓርብ ዕለት ያን ሁሉ ስናገር ካሳ ይጮሃል፣ ሽማግሌው ይጮሃል፣ እሱ ብቻ ዝም ብሎ አየኝ። እስከ ዛሬ አይቶኝ አያውቅም። ይጠይቀኝና ምን እንደምለው እንጃ። ግን ይጠይቀኝ።»

«እሁድ ልማልልሽ?» አልኳት። «ልማልልሽ ጤናዬ፣ ክላራ ናት ያለችው ብዬ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን።»

ተቆጣችኝ። ጤናዬን ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። «እንዳታደርጊው! አፌን መልሱልኝ ብዬ ተነስቼ፣ እንደገና የፈረንጅ አፍ ልዋስ? የቀንጣሽ ወሬ ነው ካሉ እኔም ቀንጣሽ ነኝ። ያንቺን ቃል አንቺ በይው፣ የኔን እኔ እላለሁ። ቢድሩኝም ሳልናገር አይድሩኝ።» ከዚያ የቀነጠሰችውን አፍሳ የኔ ቁና ውስጥ ጨመረችና ወጣች።

ስለዚህ ሱሀይር፣ የምለምንሽ ነገር ተገልብጧል። ሐምዱ ሲጠይቅሽ «አላስተማርኳትም» በይ። እንዳታዝኚልኝ፣ እንዳትሸፍኚልኝ፣ አንድም ቃል አላስተማርኳትም በይ። እሁድ ጋሽ አለሙ «ማን ነው ያለው?» ሲሉኝ እኔ ነኝ እላለሁ። ክላራን ይተዉአት፣ ሥራዋን ትሥራ። ሠርኬ የበርበሬ ቀንጣሿ፣ የማንም አስተርጓሚ ሳልሆን፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ውሸቱ የክላራ ስም ነው እንጂ ቃሉ እውነት ነው፣ ጤናዬን ጠይቋት፣ እላለሁ። እስከዚህ ድረስ ተለማምጃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቀውም። ድምፄ እንዳይጠፋብኝ ነው የምፈራው፣ ካሳ እዚያ ከነትከሻው ቆሞ። ከበረንዳው ካስነሱኝ ጠሂራ አትክልት ተራ የምታውቃት ሴት አለች፣ ሽንኩርት ትሸጣለች፣ ትይዝሽ ይሆናል ብላኛለች። ይሆናል ነው ያለችው።

አንቺም ጻፊልኝ። ቤትሽ እንዴት ነው፣ ሰውየውስ ያናግርሻል ወይ፣ ዝም ብለሽ ደህና ነኝ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፣ ረዘም አድርጊው። የሚያነብብሽ ሰው እንደሌለ አድርገሽ ጻፊው።

ሐምዱ መጥቶ በር ላይ ቆሟል፣ «እቺ ልጅ መጽሐፍ ነው እንዴ የምትጽፈው?» ይላል። ልጨርስ። እሁድ ማለዳ ነጠላዬን አጥቤ ራጉኤል ደጅ እቆማለሁ።

እየፈራች የምትሄደው እህትሽ፣
ሠርኬ